የላንቴ ውሃና ከናይሮቢ የመጣው ስንቅ

ላንቴ፣ ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእትዬ ሳባ፣

ጤናዎ እንደ አባያ ውሃ አይጉደልብዎት፣ በወጡ በገቡበት መንገዱ ይቅናዎት። እኔ ማራኪ ነኝ፣ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፣ የእናቴ እናትና የእርስዎ አባት እናት የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ የትልቋ አያት ለቅሶ ላይ ሲመጡ ሙዝ የሰጠችዎት ልጅ እኔ ነኝ፣ ያኔ ትንሽ ነበርኩ።

እትዬ ሳባ እየፈራሁ ነው የምጽፈው፣ ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ነው እና ፊደሉ ከተሳሳተ ይቅር ይበሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እርስዎ የሠሩልን የውሃ ተራ ፕሮግራም አለ አይደል፣ ያ ለሰው ሁሉ በየስልኩ ነገ በዚህ ሰዓት የቦዩ ውሃ ያንተ ነው እያለ መልእክት የሚልከው፣ እሱን ይጠብቅ የነበረው ዮናስ ሀዋሳ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ሲሄድ የተናገረው ነገር ቢኖር ፕሮግራሙ የሚኖርበት ናይሮቢ ያለው ሰርቨር በታህሳስ መጨረሻ ይዘጋል፣ ፕሮጀክቱ አልቋል ብሎ ነው፣ ይቺን ተናገረና አውቶብስ ተሳፈረ።

እኔ የውሃ ማኅበሩ ቢሮ ጽዳት ነኝ። የቦዩን ውሃ የሚያካፍሉት የውሃ አባታችን ጋሽ ኤርጫፎ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጠሩኝና «አንቺ ልጅ፣ ይሄን የሠራችው ዘመድሽ አይደለችም ወይ?» አሉኝ፣ ነች አልኩ፣ «እንግዲያው ዘመድ የሠራውን ዘመድ ይይዘዋል፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው» አሉ በቃ። እኔ ያንን የቢሮውን ላፕቶፕ አቧራውን ከመጥረግ በቀር ነክቼው አላቅም። ጋሽዬ እኔ እኮ አላቅም ስላቸው «ቤት ሲቃጠል ውሃ መቅዳት አላውቅም ይባላል?» አሉኝ፣ ሰው ሳቀ፣ እኔ አለቀስኩ።

ለምን እንደምፈራ ልንገርዎት። አምና ተራው በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ነበር የሚለጠፈው፣ ወረቀቱን ሰው ፋቀው፣ ማን እንደፋቀው እስካሁን አልታወቀም፣ ወንድሜ ካሱ ተራዬ ነው ብሎ ወጣ፣ ከኛ በላይ ያለው ዲሪባም ተራዬ ነው ብሎ ወጣ፣ ቦዩ ላይ ተገናኙና ዲሪባ ካሱን በአካፋ መታው። የካሱ ቀኝ እጅ እስከዛሬ አይጨብጥም። ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ አስታረቃቸው፣ ታርቀዋል ግን አይነጋገሩም። የእርስዎ ፕሮግራም ከመጣ ወዲህ ግን ቦይ ላይ የተጣላ የለም፣ መልእክቱ ለባለተራውም ለጎረቤቱም ስለሚደርስ ማንም ማንንም አያታልልም። አሁን በጋው እየገባ ነው፣ ሙዙ ውሃ ይፈልጋል፣ ሰርቨሩ ተዘግቶ ሰው እንደገና በግምት ከወጣ የዘንድሮው አካፋ እጅ ላይ ብቻ አይቀርም። ያ ደሞ በኔ ስም ነው የሚሆነው፣ በእርስዎም ስም።

ስለዚህ ሰው ይላኩልን። ሰው ከሌለ ዮናስን ይቆጡትና ይመለስ። ስልክ ላይ ባለፈው ድምፅዎን ስሰማ ደንግጬ ማን እንደሆንኩም በቅጡ አልነገርኩዎትም፣ የነገሩኝንም አንዱንም አልያዝኩም፣ ኢንተርኔቱ ደሞ የለም፣ ደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው። የሚያደርሰው አሸናፊ ነው የመኪና ሹፌር፣ እሱ እስከ ሞያሌ ይነዳል ከዛ ለናይሮቢ አውቶብስ ይሰጠዋል። እናቴ ብርድ ልብስ ትላክልኝ በዪያት ብላለች፣ እኔ ግን ሰው ነው የምፈልገው።

የእርስዎ ታናሽ፣
ማራኪ


ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእህቴ ለማራኪ፣

ያንቺም የእናትሽም የካሱም ጤና ይብዛ፤ የካሱን እጅ ፈጣሪ ይዳብስልኝ። በመጀመሪያ አንቱታውን ተዪልኝ፤ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ተነስቼ መስታወት አየሁ፣ ሸብቼ እንደሆነ ብዬ። ሙዝ የሰጠችኝን ልጅ በደንብ አስታውሳታለሁ። ትልቁን ለራሷ አስቀርታ ትንሹን ነበር የሰጠችኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የምልክልሽ ሰው የለም። ዮናስም አይመለስም፤ ሀዋሳ ጥሩ ቦታ ይዟል፣ ደግሞም አልፈርድበትም። የምልክልሽ ፕሮግራሙን ራሱን ነው። በአሸናፊ መኪና።

ፕሮግራም በመኪና እንዴት ይላካል ትዪኝ ይሆናል። ድሮ ቢሆን ጭንቅ ነበር። አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይሠራም፤ የሚደገፍባቸው ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች አሉ፣ ከእነሱ አንዱ ከጎደለ ወይም ዕድሜው ትንሽ ከተለየ «አልነሳም» ይላል። እኔ ማሽን ላይ ሲሮጥ የዋለው አንቺ ማሽን ላይ ይሞታል። አሁን ግን ኮንቴይነር የምንለው አሠራር መጥቷል። እስቲ አስቢው፤ ሰው ከጨንቻ ወደ ቆላ ሲወርድ ቤቱን ተሸክሞ አይመጣም፣ ስንቁን በእንሰት ቅጠል ቋጥሮ ነው የሚመጣው። ቂጣውም፣ ጨውም፣ ዳጣውም እዚያው ውስጥ አለ። የማንም ቤት ገብቶ ይፈታዋል፤ ከባለቤቱ የሚፈልገው መቀመጫ ብቻ ነው። እኔም ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር፣ ከሚያስፈልገው በላይ ግን አንዲት ነገር ሳልጨምር፣ ቋጥሬዋለሁ። ቀላል የሆነው ለዚህ ነው። ያ አሮጌ ላፕቶፕ ራሱ ሰርቨር ይሆናል፤ የናይሮቢው ቢዘጋም ግድ አይሰጣችሁም።

ሁለት ፍላሽ ታገኛለሽ። ቀይዋ ውስጥ ስንቁ አለ። ሰማያዊዋ ውስጥ ግን ሰው ነው ያለው፤ የሁሉም ስም፣ ስልክ፣ ተራ፣ እርስ በርስ የተዋዋሱት ውሃ። ለምን ለያየኋቸው? ስንቅ ከተበላ በኋላ ቅጠሉ ይጣላል። ኮንቴይነርም ሲበላሽ አይጠገንም፤ ይጣልና ከቀይዋ አዲስ ይነሳል። ውስጡ የተቀመጠ ነገር ካለ ግን አብሮት ይጣላል። ስለዚህ የሰው ነገር ውስጡ አይቀመጥም፤ ውጪ፣ ሰማያዊዋ ላይ ነው የሚቀመጠው። ማራኪ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይቺን አትርሺ፦ ኮንቴይነሩን መጣል አትፍሪ። ሥራው መጣል ነው። አስነሺ፣ ካስቸገረሽ ጣዪ፣ እንደገና አስነሺ።

ትእዛዞቹን ለብቻው ወረቀት ላይ በትላልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌልሻለሁ። ትርጉማቸውን አትጨነቂበት፣ እንዳለ ገልብጪ። ክፍት ቦታውም እንደ ፊደል ነው፣ አትዝለዪው። ኮንቴይነር የሚያስነሳውን መሣሪያ ዮናስ ከመሄዱ በፊት ላፕቶፑ ላይ እንዲጭን አድርጌዋለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ጨዋ ልጅ ነው። መልእክት የሚልከው ሲም ያለበት ሞደም በግራ በኩል ይሰካ።

ለእናትሽ ብርድ ልብሱን ልኬያለሁ። ፍላሾቹ ብርድ ልብሱ ውስጥ ናቸው፣ ሳትፈትሺ እንዳታጥቢው።

እህትሽ፣
ሳባ


ላንቴ፣ ጥር 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእትዬ ሳባ፣

ባለሽበት በጎ ነገር ይቅደምሽ፣ ክፉው መንገድ ይሳተው። እናቴ ብርድ ልብሱን ለብሳ ነው ያለችው በዚህ ሙቀት፣ አይሞቅሽም ወይ ስንላት ከናይሮቢ የመጣ አይሞቅም ትላለች።

እትዬ ተነሳልኝ። ልንገርሽ እንዴት እንደሆነ። ወረቀትሽን ይዤ ቢሮውን ከውስጥ ቆለፍኩት፣ ሰው እያየኝ አልችልም ብዬ ነው፣ አንድ አንድ ፊደል እየፈለግኩ ጻፍኩ፣ ስጨርስ የለም የሚል ነገር መለሰልኝ፣ እንደገና ጻፍኩ እንደገና የለም፣ ሦስተኛው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከዛ ክፍት ቦታው እንደ ፊደል ነው ያልሽው ትዝ አለኝ፣ ለካ አንዱጋ ዘልዬዋለሁ። አስተካክዬ ስመታው ረጅም ረጅም ጽሑፍ እንደ ጉንዳን ወረደ ወረደ ወረደ ቆመ። ከዛ ላፕቶፑ ላይ ያልሽኝን መስኮት ስከፍት ሰዉ ሁሉ ተሰልፎ ቁጭ ብሏል፣ ዲሪባም አለ ካሱም አለ። ማታ መልእክቱ ሲወጣ በየቤቱ ስልኩ ጢን ጢን ሲል ሰማሁት፣ ውጪ ቆሜ ስቄ ሞትኩ።

አንድ ቀን ደሞ ደርቆ ቀረብኝ፣ ፈራሁ፣ ግን መጣል አትፍሪ ብለሽኛል ብዬ ጣልኩት፣ ሌላ አስነሳሁ፣ ሰዎቹ ከሰማያዊዋ ተመልሰው መጡ። ይሄን ሳይ ልቤ መለስ አለ። ጋሽ ኤርጫፎ «የጣልሽው የት ሄደ?» አሉኝ፣ የትም አልኩ፣ «አሁን የመጣው ከየት መጣ?» አሉኝ፣ ከቀይዋ አልኩ፣ «ይሁን» አሉ።

ሰማያዊዋን እሳቸው ናቸው የሚጠብቋት። የቦዩን መዝጊያ ሳንቃ የውሃ አባት ተራ ሲያልቅ ማታ ቤቱ ይዞት እንደሚገባ ታውቂያለሽ፣ ሰው በስርቆሽ ቦዩን ዘግቶ ውሃውን ወደራሱ እንዳይመልስበት፣ እና የሰው ተራ ያለው እዚች ውስጥ ከሆነ እሷም ቦይ መዝጊያ ናት አሉ፣ በክር አሰሩላት፣ ማታ መልእክቱ እንደወጣ ይመጡና ነቀል አርገው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሏታል፣ ጠዋት ያመጧታል። ደስ ብሎኛል ሌባ አይነካትም።

አሁን ሰው አልፈልግም። የምፈልገው ወሬሽን ነው። ሁለት ጊዜ ደወልኩልሽ፣ ስልክሽ ዝግ ነው ይላል። ደህና ነሽ? በደብዳቤሽ ስለ ራስሽ ምንም አልጻፍሽም።

ማራኪ


ናይሮቢ፣ ጥር 29 ቀን 2009 ዓ.ም.

ማራኪዬ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆዪልኝ። ደብዳቤሽ ሞያሌ ላይ ሰንብቶ ዛሬ ነው የደረሰኝ፣ አንብቤው ሳልጨርስ ነው ይህን የምጽፈው።

ሰማያዊዋ ፍላሽ እንደዚያ አትነቀልም። ኮንቴይነሩ ሲሠራ ሳናየው እሷ ላይ እየጻፈ ነው፤ እየጻፈ እያለ ከተመነጨቀች ያለው ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። መጀመሪያ ኮንቴይነሩ ይቁም፣ ከዚያ ላፕቶፑ «አሁን ንቀይ» ሲል ይነቀል። ለጋሽ ኤርጫፎ እንዲህ በያቸው፦ ቦዩ ሞልቶ እየፈሰሰ ሳንቃ አይጎተትም። እሳቸው ይገባቸዋል። ትእዛዙን ከጀርባ ጽፌልሻለሁ።

አንድ ተጨማሪ ፍላሽ ገዝቼ አብሬ ልኬያለሁ። በየሳምንቱ ከሰማያዊዋ ወደ እሷ ገልብጪ። ቀድሞም መላክ ነበረብኝ።

እኔ ደህና ነኝ። የስልኩን ነገር ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ሳባ


ላንቴ፣ ጥር 30 ቀን 2009 ዓ.ም.

እትዬ ሳባ፣

እግዜር ይጠብቅሽ እኔን ግን ዛሬ የጠበቀኝ የለም። ጠዋት ጋሽ ኤርጫፎ ሰማያዊዋን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ ሰካኋት፣ ላፕቶፑ አላቃትም አለ፣ ነቅዬ ሰካሁ፣ በሌላው በኩል ሰካሁ፣ ከዛ አንድ ጽሑፍ መጣ፣ እዛ ሱቅ ያለው ልጅ አንብብልኝ ስለው ልደምስሳት ወይ ነው የሚልሽ አለኝ፣ እምቢ በለው እምቢ በለው አልኩት። እምቢ አልን። ከዛ ወዲህ ዝም ብላለች።

ኮንቴይነሩን ጣልኩት ሌላ አስነሳሁ፣ ተነሳ፣ ምንም አልሆነም እንደ ሁልጊዜው ነው፣ መስኮቱን ስከፍት ግን ባዶ ነው። አንድ ሰው የለም። እንደገና ጣልኩ አስነሳሁ ባዶ ነው። ፕሮግራሙ ደህና ነው እትዬ፣ ግን ማንንም አያቅም።

ለጋሽ ኤርጫፎ ነገርኳቸው። ክሩን በእጃቸው እያጠላለፉ «እኔ ነኝ የገደልኳት?» አሉኝ፣ አላቅም አልኩ። ሄደው ዋናውን መዝጊያ ዘጉት። ውሃው ሁሉ ወደ ወንዙ ተመልሷል፣ የድሮውን መልእክት ሰው እያነበበ ስላጠፋው ማስረጃ የለም፣ ተራው እስኪታወቅ ማንም አያጠጣም ብለዋል። ሙዙ በዚህ ፀሐይ ሁለት ቀን ካደረ ጫፉ ይጠቀለላል። ሰዉ ቢሮው በር ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። አንዱ «የናይሮቢዋ ዘመድሽ የላከችው ይሄን ነው?» አለኝ፣ ሌላው «ተዋት፣ መጥረጊያዋን ብትይዝ ይሻላት ነበር» አለ።

የባሰውን ልንገርሽ። ካሱ ማታ ጠራኝና እንዲህ አለኝ፣ «ማሽኑ ረስቷል አይደል፣ እንደ አዲስ የምታስገቢው አንቺ ነሽ አይደል፣ የኛን ከዲሪባ በፊት አስገቢው።» የኛ ተራ ማክሰኞ ዲሪባ ሲጨርስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው፣ የሱ በቀን ነው፣ ካሱ የፈለገው የቀኑን ነው። ካሱ ይሄማ አይሆንም አልኩት፣ «የማንን እጅ ነው የሰበረው?» አለኝ። ምን ልበለው። እጁ እኮ ፊት ለፊቴ ነው፣ እንጀራ በግራ ነው የሚቆርሰው።

ደወልኩልሽ ዝግ ነው። ደወልኩልሽ ዝግ ነው። ምን ላርግ ንገሪኝ። ጋሽ ኤርጫፎ ዓርብ ሰዉን ዱቡሻ፣ ዋርካው ስር ያለው ሸንጎ ጠርተዋል፣ ይቺ ደብዳቤ እስከዛ እንደማትደርስ አቃለሁ፣ ግን ላንቺ ካልጻፍኩ እብዳለሁ።

ማራኪ


ናይሮቢ፣ የካቲት 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእህቴ ለማራኪ፣

አይዞሽ። ይህ ሲደርስሽ ዓርቡ አልፏል፤ ምን እንደሆነ ስለማላውቅ እንደማላውቅ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ።

ጋሽ ኤርጫፎ አልገደሏትም። አንቺም አልገደልሻትም። መብራት ቢጠፋ፣ ላፕቶፑ ቢሰበር፣ ኮንቴይነሩ ቢሞት ምን እንደሚሆን ሁሉን አስቤ ነበር። ማታ ማታ ፍላሽዋ የት ታድራለች ብዬ ግን አልጠየቅኩም። የውሃ አባት የቦይ መዝጊያ ይዞ እንደሚገባ አባቴ ሲናገር እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ማሰብ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። እኔ ጋም ቅጂ የለም፣ ከሰርቨሩ ጋር ነው የጠፋው።

ስልኩ የመሥሪያ ቤቴ ነበር። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሰርቨሩን ብቻ አይደለም የዘጉት። ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ሥራ የለኝም፣ ያለሁትም ጓደኛዬ ቤት ነው። ያልነገርኩሽ ላንቴ ውስጥ አንዲት ልጅ እኔን ተማምና ስለቆመች ነው፣ የተማመነችበት እንጨት ራሱ መወዛወዙን እንዳታይ ብዬ። ልክ አልነበርኩም። አዲሱን ቁጥሬን ከታች ጽፌዋለሁ።

ስለ ካሱ የምመክርሽ የለኝም። ስንቁን መቋጠር እችላለሁ። ማን ይብላ ማን ይቅደም የሚለውን ግን ከዚህ ሆኜ ላንቺ መወሰን አልችልም፣ አልሞክርምም። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ላይ የጻፍኩልሽ ብቻ ነው ያለኝ፤ መጣልና እንደገና ማስነሳት ትችያለሽ። ከመጀመሪያ መጀመር አያስፈራሽ።

ሳባ


ላንቴ፣ የካቲት 24 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእትዬ ሳባ፣

ያጣሽውን የሚተካ አምላክ ደጅሽን አይሳተው። ሁለቱ ደብዳቤሽ አንድ ላይ ትናንት ነው የደረሰኝ፣ አሸናፊ መኪናው ያቤሎ ተበላሽቶበት ነበር። ቦዩ ሞልቶ ሳንቃ አይጎተትም ያልሽውን ለጋሽ ኤርጫፎ አነበብኩላቸው፣ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። አሁን ማታ መጥተው «አቆምሽው?» ይሉኛል፣ አቆምኩት ስላቸው ነው እጃቸውን የሚሰዱት፣ አዲሷን ፍላሽ ደሞ እናቴ ናት የምትይዛት፣ እሷ ከያዘች ፈጣሪም አያገኛት።

ስለ ሥራሽ አንብቤ አዘንኩ፣ ደሞ ተናደድኩ። እኔ ስፈራ ስፈራ ሁሉን ጽፌልሻለሁ፣ አንቺ ለምንድነው ብቻሽን የምትፈሪው። ሁለተኛ እንዳታረጊው።

ዓርቡን ልንገርሽ። አንቺ ከተማ ነው ያደግሽው ላታውቂው ትችያለሽ፣ ዱቡሻ ላይ መዋሸት ጎሜ ነው፣ እርግማን ያመጣል፣ ጎሜ ደሞ የዋሸውን ሰውዬ ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ከብቱንም ልጁንም እርሻውንም ነው። ጋሽ ኤርጫፎ ያሰቡት ይሄን ነው፣ ማሽኑ የረሳውን ሰዉ ራሱ በዱቡሻ ይናገር፣ ማራኪ ትጻፍ አሉ። ከቤተክርስቲያን ጄኔሬተር አመጡ፣ ዋርካው ስር ድንጋዩ ላይ ላፕቶፑን አስቀመጡልኝ። አንድ ሽማግሌ «ሴት ዱቡሻ ላይ ልትቀመጥ ነው?» አሉ፣ ጋሽ ኤርጫፎ «የተቀመጠው ላፕቶፑ ነው፣ እሷ እንዳይወድቅ ልትይዘው ነው» አሏቸው። ሰው ሳቀ፣ እኔ እውነትም እንዳይወድቅ በሁለት እጄ ያዝኩት።

አዲስ ኮንቴይነር አስነሳሁ ባዶውን። ጋሽ ኤርጫፎ «ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚጀመረው፣ ዛሬ ከቦዩ ጭራ እንጀምራለን» አሉ፣ አንድ አንድ ሰው ሳር ይዞ እየተነሳ ተራዬ ይሄ ነው፣ ከእገሌ ይሄን ያህል ውሃ ተውሻለሁ አልመለስኩም እያለ ተናገረ። እትዬ እኔ ጻፍኩ። ጣቴ ፍጥነት የለውም ግን ማንም አላጣደፈኝም። አንዱ ከእማማ ወለቴ ግማሽ ቀን ውሃ ተውሻለሁ አለ፣ እሳቸው «እኔ ላንተ? መቼ?» አሉ፣ «አምና ለሠርጌ» ሲል «ሠርግህን ረስቼዋለሁ፣ ምግቡ አልደረሰኝማ» አሉት። ዱቡሻው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ትንሽ ተነፈስኩ።

ከዛ ካሱ ተነሳ።

ሳሩን በግራ እጁ ነው የያዘው። እኔን አላየኝም። «ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ የኔ ነው» አለ። ያ የዲሪባ ሰዓት ነው። ዲሪባ ቀጣይ ነው፣ ሁለት ሰው አልፎ ተቀምጧል፣ መሬቱን እያየ ነው፣ አልተነሳም አልተናገረም፣ እጁ ብቻ ዱላውን ሲጨብጥ አየሁት። ከወዲያ የሱ ወንድሞች አሉ፣ ከወዲህ የኛ አጎቶች አሉ።

እኔ አልጻፍኩም።

ጋሽ ኤርጫፎ «ጻፍሽ?» አሉኝ። አልጻፍኩም አልኩ። «ለምን?» አሉኝ። እትዬ ወንድሜ እኮ ነው፣ አባቴ ከሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው፣ ዝም ብዬ ብጽፍ ማን ምን ይለኛል፣ ዲሪባ ራሱ ዝም ብሏል። ግን ጎሜው ካሱ ላይ ሊቀር ነው፣ ደሞ መልእክቱ ከኔ እጅ ወጥቶ ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ሁለቱን ቦዩ ላይ ሊያገናኛቸው ነው፣ አካፋው ቤታችን በር ላይ ቆሟል። እና ተነሳሁ፣ ላፕቶፑን ትቼ ተነሳሁ። «ማክሰኞ በቀን የዲሪባ ነው። የኛ እሱ ሲጨርስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። ወንድሜ ያውቀዋል» አልኩ። ድምፄ እንደ ሕፃን ወጣ፣ ግን ወጣ።

ካሱ ዞሮ አየኝ። እንደዛ አይቶኝ አያውቅም። ይመታኛል ብዬ ነው የጠበቅኩት። እሱ ግን ሳሩን አየ፣ ጋሽ ኤርጫፎን አየ፣ ከዛ ቀስ ብሎ «በጨለማ ሳንቃ በአንድ እጅ እንዴት ይነሳል?» አለ። በቃ ይሄን ብቻ። ለካ ስንት ጊዜ ምሽት ወጥቶ ሳንቃው አልነሳለት ብሎ ውሃው ወደታች እያለፈው ነው የመጣው፣ ለኛ ለማንም አልተናገረም፣ አፍሮ። እኔ እህቱ መልእክቱን እየላክሁለት ውሃውን ያገኘው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ዲሪባ ነው የተነሳው። ካሱን አላየውም፣ ዋርካውን እያየ ነው የተናገረው፣ «የኔን ስዘጋ እኔ እዛው ነኝ። የሱን ሳንቃ እኔ አነሳለሁ» አለ። ከዛ የራሱን ተራ ተናገረ። ቁጭ አለ። ጋሽ ኤርጫፎ ወደኔ ዞረው «ጻፊ» አሉኝ፣ ጻፍኩ፣ መጀመሪያ ዲሪባ ከዛ ካሱ። ዲሪባ ሳንቃ ያነሳል የሚል የሚጻፍበት ቦታ ፕሮግራምሽ ላይ የለውም፣ ፈለግኩ አጣሁ፣ ተውኩት።

ማታ መዝጊያው ተከፈተ። መልእክት ወጣ። ከጭራው ጀምሮ እስከላይ ሰው ሁሉ ተራውን አገኘ።

ካሱ ግን አላናገረኝም። ከእጄ አይበላም፣ ቡና ሳቀርብለት እናቴን ነው የሚያየው። ማክሰኞ ሲደርስ መልእክቱ ለሁለቱም መድረሱን ሦስቴ አየሁ፣ ምሽት ላይ ካሱ አካፋውን ይዞ ወጣ፣ ባትሪ ይዤ ሳያየኝ ተከተልኩት። አካፋውን ለምን እንደያዘው አላቅም። ሙዙ ውስጥ ተደብቄ አየሁ። ዲሪባ የራሱን ዘጋ፣ ወደኛ መጣ፣ ሳንቃችንን በሁለት እጁ ጨብጦ ጎተተ፣ ተነሳ፣ ውሃው ገባ። ሁለቱም ውሃውን ነው የሚያዩት። ከዛ ዲሪባ ሳንቃውን ዘርግቶ «ያዝ» አለው። ካሱ አካፋውን መሬት ጥሎ በግራ እጁ ተቀበለው። ዲሪባ ሄደ።

እኔም ቀድሜ ቤት ገባሁ፣ እግሬ ጭቃ መሆኑን እናቴ አይታ መታጠቢያ ውሃ አቀረበችልኝ።

ጠዋት ካሱ መጣ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። «ቻርጅ አድርጊልኝ» አለኝ፣ «ተራዬ ሲደርስ መልእክት ይመጣብኛል።»

እኔ አሁንም እፈራለሁ እትዬ፣ በየቀኑ ስከፍተው እፈራለሁ። እከፍተዋለሁ።

በላክሽልኝ በአዲሱ ቁጥር እሁድ እደውላለሁ፣ አንሺ። ውሎሽም አዳርሽም የተባረከ ይሁን።

ማራኪ